መናገር ያቃታቸውን መስማት፦ ከባሕር ዳር እስከ ማንኩሳ

ረቡዕ ንጋት፣ ባሕር ዳር

ከወፎች በቀር የተነሣ የለም። ከጣና በኩል የሚመጣው ንፋስ እርጥብ ነው። አሮጌዋን የመሥሪያ ቤት መኪና ጭነናታል፦ ሁለት ትራስ፣ ፕሮጀክተር፣ ለልምምድ የሚሆን የፕላስቲክ ሰው፣ አንድ ካርቶን የሻይ ማንኪያ። ሹፌራችን ጋሽ ሙላት ካርቶኑን ከፍተው አዩና ሣቁ።

«ሲስተር፣ ድግስ ነው እንዴ የምንሄድ?»

«ሥልጠና ነው ጋሽ ሙላት። የነርሶች ሥልጠና።»

«ነርስ ተምሮ አይደል እንዴ ነርስ የተባለ? ደግሞ ምን ቀረው?»

ጥያቄያቸው ክፋት የለውም። እኔ የምሠራው የአንጎልና የነርቭ ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት በወጣሁበት ዘመን ስትሮክ የመታው ሰው አልጋ ሲይዝ እኛም አብረነው ተስፋ እንቆርጥ ነበር። ዛሬ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነርስ የምታደርገው ነገር የሰውየውን ቀሪ ዕድሜ እንደሚለውጥ እናውቃለን። ይህን ያወቅነው ሥራ ላይ ሆነን መማር ስላላቆምን ነው። አሁንማ የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ በየጊዜው መሠልጠን ግዴታ ሆኗል። ግዴታ ስለሆነ ብቻ መጥተው፣ ሰርተፊኬታቸውን ተቀብለው፣ እንደመጡ የሚመለሱም አሉ። መንገድ በወጣሁ ቁጥር የምፈራው ይህንኑ ነው፤ የደከምኩበት ትምህርት አንድ በሽተኛ ዘንድ እንኳ ሳይደርስ አዳራሽ ውስጥ እንዳይቀር።

ጋሽ ሙላት መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውለው አጣሩ። አማተቡ። ወጣን።

ረቡዕ ቀትር፣ ቡሬ

እንጅባራ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በሁለቱም የመንገድ ዳር ጋቢ የተከናነቡ ፈረሰኞች። ትሊሊን አልፈን ወደ ቡሬ ስንወርድ ፀሐይዋ ወጣች፤ በርበሬ የጫነ አይሱዙ በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም እናስነጥሳለን።

ጋሽ ሙላት ጾመኛ ናቸው፤ እስከ ቀትር ውኃም አልቀመሱ። ምግብ ቤት ገብተን ሽሮና ምስር ቀረበልን። ዋጋውን ሲሰሙ «ባሕር ዳር መሰለህ እንዴ?» ብለው አሳላፊውን ተቆጡት። እንጀራውን ከቆረሱ በኋላ ግን ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ቡሬ ላይ አንዲት ሠልጣኝ ይዘን እንድንሄድ ተነግሮን ነበር። ሲስተር ትርንጎ ትባላለች፤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ቀይ ዳማ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። መኪና ውስጥ ገብታ ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። አንድ ዘመድ ስለ አባቷ እየጠየቃት እንደሆነ ገባኝ።

«ያው ናቸው» አለች። «መምጣቱስ ለምን? አባባማ የሉም። አካላቸው ብቻ ነው የቀረ።»

ስልኩን ስትዘጋ ይቅርታ ብዬ ምን እንደሆኑ ጠየቅኳት። አባቷ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ክረምቱ ሲወጣ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። አንደበታቸው ተዘግቷል። ሐኪም ቤት ሰንብተው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል።

«ተማሪዎቹንም ሌላ መምህር ፈልጉ ብዬ አሰናበትኳቸው» አለችኝ። «ምን ይጠብቃሉ?»

ማንኩሳን ስናልፍ ወደ ግራ የሚገነጠል አቧራማ መንገድ አሳየችኝ። የቤታቸው መንገድ ነው። የጤፉ ማሳ ወርቅ መስሏል፤ የበቆሎው አገዳ ተቆርጦ ተከምሯል። እሷ ግን ቶሎ ፊቷን መለሰች።

ሐሙስ፣ ፍኖተ ሰላም

በዋናው መንገድ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ይጋፋሉ። አዳራሻችን ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው፤ በመስኮቱ የማንጎ ቅርንጫፍ ይገባል። ነርሶቹ የመጡት ከዚሁ ከከተማው፣ ከቡሬ፣ ከጅጋና ከገበዝ ማርያም ነው።

ጧት ሞተር ብስክሌት ስለሚጥላቸው ወጣቶች ተነጋገርን፤ ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ንቃቱ እየወረደ መሆኑ ከዓይኑ፣ ከድምፁና ከእጁ እንዴት እንደሚታወቅ። ቀጥሎ ስትሮክ ወደመታው ሰው ሄድን። ምግብ ከመስጠታችን በፊት ቀጥ አድርገን እናስቀምጠዋለን፤ በሻይ ማንኪያ ውኃ ሰጥተን እንጠብቃለን፤ ካሳለው ወይም ድምፁ ጉሮሮው ውኃ እንደያዘ ሰው ከሆነ እናቆማለን። ምግቡ ወደ ሳንባ ከገባ ስትሮኩ ያልገደለውን ሳንባው ይገድለዋልና። ማንኪያዎቹ ታደሉ፤ እርስ በርስ ተሞካከሩ።

«እኛ ዘንድ ማሽን የለም እያልን ስናማርር ነበር» አለች ከገበዝ ማርያም የመጣች ነርስ። «ማንኪያ ግን መች አጣን!»

ምሳ ላይ አንድ ልምምድ አለኝ። ሁለት ሁለት ይሆናሉ፤ አንደኛው በሽተኛ ነው፤ አይናገርም፣ በቀኝ እጁም አይጠቀምም። ሌላኛው ያጎርሰዋል፤ የሚፈልገውንም ይደርስበታል። ትርንጎ በሽተኛ ሆነች። የደረሳት ተጣማሪ ሲሳይ የሚባል የከተማው ነርስ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰውን ማሣቅ የሚወድ። ገና ሁለት ጉርሻ እንደሰጣት ከጎኑ ካለው ጓደኛው ጋር ወሬ ጀመረ። እሷ በግራ እጇ ውኃ እያሳየች ትጠቁማለች፤ እሱ አላያትም።

«የኔዋ በሽተኛ ዛሬ የለችም» አለ በቀልድ። «ወጧን ወስጄ ብበላው ማን ይከሰኛል?»

ጠረጴዛው ሁሉ ሣቀ። ትርንጎ ተነሥታ ወጣች።

ስከተላት ማንጎው ሥር ቆማ አገኘኋት።

«እሱ ምን አደረገ?» አለች። «እኔ እኮ ነኝ። ፊታቸው ቆሜ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ‹የሉም› እላለሁ። ለእናቴም የሉም አልኳት። ተማሪዎቹንም እዚያው አጠገባቸው ነው ያሰናበትኳቸው። ነርስ ነኝ ብዬ አመኑኝ። ሰምተውኝ ቢሆንስ ሲስተር?»

ይሰማሉም አይሰሙምም ልላት አልቻልኩም፤ አላየኋቸውማ። ስትሮክ አንዳንዱን ሰው ቃሉን ብቻ ነጥቆት ማስተዋሉን እንደሚተውለት፣ አንዳንዱን ደግሞ ሁለቱንም እንደሚወስድበት ነገርኳት። «ሳንጠይቅ ግን ማወቅ አንችልም» አልኩ። «ቅዳሜ ስንመለስ አብረን እንጠይቃቸዋለን።»

ሲሳይ ከበሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር፤ ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቷል። ይቅርታ ሲጠይቃት የገዛ ነጠላዋን ጫፍ እያየች «አንተማ አስተማርከኝ» አለችው። በማግስቱ ካርቶን ቆርጦ በትልቁ «አይናገሩም፤ ይሰሙ ይሆናል» ብሎ ጻፈበት። በሥራ ክፍሉ እንዲህ ባለ በሽተኛ አልጋ ራስጌ ሊሰቅለው ነው።

ቅዳሜ ረፋድ፣ ከማንኩሳ ወዲያ

መኪናዋን ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር አቁመን በእግር ወጣን። ትርንጎ ስትራመድ ከእኛ ትቀድማለች፤ ከዚያ ደግሞ ትቆማለች። ግቢው ውስጥ በርበሬ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። እናቷ እማማ ስንዱ ከደጅ ተቀበሉን።

«እንደምን ሰነበታችሁ! ኧረ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!»

የኔታ መደብ ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። ጥምጥማቸው ከራስጌያቸው ተሰቅሏል። የፊታቸው ቀኝ ጎን ወረድ ብሏል፤ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው። ጋሽ ሙላት ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው ወጡ። እማማ ስንዱ ቀጭን በሶ በኩባያ ይዘዋል።

«አልወርድ ይላቸዋል» አሉኝ። «ሁልጊዜ ትን ነው። እየደከሙ ሂደዋል።»

ኩባያውን እንዲያቆዩት ለምኜ ከመደቡ አጠገብ ተንበረከክኩ።

«የኔታ፣ እንደምን አደሩ? ከባሕር ዳር የመጣሁ ነርስ ነኝ። ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ከፈቀዱልኝ ግራ እጅዎን ያንሡልኝ።»

ምንም የለም። ዝንብ ይዞራል። ትርንጎ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳለች። ልደግመው አፌን ስከፍት ግራ እጃቸው ከጋቢው ሥር ወጣ፤ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተነሣ።

«በስመ አብ!» አሉ እማማ ስንዱ።

አንድ ጊዜ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተስማማን፦ አዎ ከሆነ መዳፋቸው ወደ ላይ፣ አይደለም ከሆነ ወደ ታች። ወሩ መስከረም ነው? ወደ ታች። ኅዳር ነው? ወደ ላይ። ባለቤትዎ ስማቸው አበበች ነው? እጃቸው ፈጥኖ ወደ ታች ሄደ፤ የከንፈራቸው ግራ ጫፍም ተነሣ። ሊሥቁ ነው።

«ትርንጎ ልጅዎ ናት?»

ወደ ላይ። ትርንጎ መጥታ ከአጠገቤ ወደቀች። ያን ጊዜ የኔታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አባባ» አለች። «አባባ ይቅር ይበሉኝ። አላወቅሁም።»

አልዞሩም። መስማታቸውን ስንፈልግ ነበር የመጣነው፤ የሰሙትን ሁሉ ደግሞ ይዘው ቆይተዋል። ትርንጎ ግንባሯን መደቡ ላይ ደፍታ ታለቅሳለች። የማውቀው ሥራዬን ነው።

«ተነሺ» አልኳት። «አሁን አትለምኚያቸው። ምግባቸውን ስጪያቸው።»

ዓይኗን ጠረገች፤ እጇን ታጠበች። ከግራና ከቀኝ ይዘን ቀጥ አድርገን አስቀመጥናቸው፤ ከጀርባቸው የጤፍ ስልቻ፣ ከማይታዘዘው ክንዳቸው ሥር ትራስ። አገጫቸውን ጥቂት ዝቅ አደረገች። በማንኪያ ውኃ ሰጠቻቸው። ጠበቀች። ትን አላላቸውም። ደገመች። የነቢያት ጾም ገና አልገባም፤ እናቷ ወፍራም እርጎ አመጡ። በሚሠራው በግራው ጉንጫቸው በኩል አንድ ማንኪያ፤ ጉሮሯቸው ወጥቶ እስኪወርድ ጠብቃ፣ ሌላ። የኔታ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ዓይናቸውን ግን ጨፍነዋል። ሊያዩዋት አልፈለጉም። እርጎው ሲጋመስ ዓይናቸውን ገለጡና ማንኪያውን የያዘውን እጅ አዩ። ከዚያ ፊቷን። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«አባባ» አለች። «ከተማሪዎቹ ጎጆ ያልለቀቁ አሉ። ይመለሱ ልበላቸው?»

መዳፋቸው ወደ ላይ ዞረ። ከዚያ ያው እጅ ተነሥቶ ራሷ ላይ ዐረፈ።

ለእናቷ ያስረዳችው ራሷ ትርንጎ ናት፦ በጀርባቸው ተኝተው ምንም እንዳይጠጡ፣ በሶው እንዲወፍር፣ የደም ግፊቱ መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ ሰው ሲመጣ ወሬው ከእሳቸው ጋር እንዲሆን። አንደበታቸው ይመለስ እንደሆነ ሲጠይቋት «አላውቅም እናቴ፤ ጥቂት ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለች። ከዚያ የበለጠ እኔም ልላቸው አልችልም ነበር።

ማንኪያውን ላጥብ ወደ ደጅ ስወጣ እማማ ስንዱ ተከተሉኝ። ጋሽ ሙላት ከበሩ ራቅ ብለው ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሲስተር፣ ማታ ማታ የምላቸውንም ሰምተዋል ማለት ነው?»

«እንግዲህ ሳይሰሙ አይቀሩም። ክፉ ነገር ተናግረዋል እንዴ?»

«ኧረ ክፉስ አልተናገርሁም።» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። «ከተዳርሁ ጀምሮ አንቱ ነው የምላቸው። መምህር ናቸዋ! እኔ ልጅ ነበርሁ። ልጄ የሉም ስትለኝ ግን፣ ሰው በሌለበት፣ አንተ አልኋቸው። አንተ፣ ለማን ጥለኸኝ ነው አልሁ። ድምፅህ ናፈቀኝ አልሁ። እንዲያ ያለ ነገር ወጥቶኝ አያውቅም። አሁን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«ራሳቸውን ይጠይቋቸዋ» አልኳቸው።

ገቡ። ምሰሶውን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው እንደ ሙሽራ ሸፍነው ቆሙ። ትርንጎ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ዘወር እንድትል በዓይኔ ጠቀስኳት።

«የኔታ» አሉ። «እንደ ድሮው... አንቱ ልበልዎት?»

መዳፋቸው ወደ ታች ሄደ።

እማማ ስንዱ ምሰሶውን ጭምድድ አድርገው ያዙት።

«እንግዲያስ... አንተ?»

እጃቸው ጋቢው ላይ ዞረ፤ መዳፋቸው ወደ ላይ ሆነ። እማማ መጥተው የራሳቸውን እጅ እስኪያስቀምጡበት ድረስ እንደተከፈተ ቆየ።

ትርንጎን እዚያው ትተናት ተሰናበትን። ጋሽ ሙላት ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ላጠብቅ ከአጥሩ ሥር ጎንበስ ብዬ ሳለሁ የእማማ ስንዱ ድምፅ ከቤት ውስጥ ይሰማኛል፤ እንደ ልጃገረድ ይቸኩላል።

«በርበሬው ደርቋል እኮ፤ ዛሬ አስገባዋለሁ። ትሰማለህ?»