ቨርኒስ እና የዳኛው ማካካሻ

«ሰርዢው!» አለ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ዳኛ ሆራስ ቲለሪ፣ የቦውሊንግ ኳሱን እንደታቀፈ። «የእኔን ማካካሻ ሰርዢው። ያለ ድጎማ እጫወታለሁ።»

የቡድናችን አለቃ ቨርኒስ ጋድስደን የነጥብ መመዝገቢያውን ማሽን በሰውነቷ ከለለችው። የአሜሪካዋ ቶሌዶ ከተማ ጡረተኞች የቦውሊንግ ውድድር ፍጻሜ ነበር። በደንቡ መሠረት ደካማ ተጫዋች ነጥብ ይጨመርለታል። ዳኛው ሠላሳ ስምንት ያገኛል፤ ከእሱ የባሰ ተጫዋች ከተማው ውስጥ የለም። ቨርኒስ ደግሞ አውቶብስ መንዳት ካቆመች ወዲህ የምትመኘው ያንን ዋንጫ ብቻ ነው። ማስቀመጫ ቦታውን ሳይቀር ወልውላ አዘጋጅታለች።

ጣጣውን ያመጣው የዳኛው መጽሐፍ ነው። ሕግ ትምህርት ቤት የገባው ለጥቁሮች በተሰጠ ልዩ ድጋፍ መሆኑ ዕድሜ ልኩን እንዳሳፈረው፣ እንዲህ ያለ ድጋፍም ለማንም መሰጠት እንደሌለበት በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። የተጋጣሚያችን አለቃ ክሊዮፈስ መጽሐፉን ገዝቶ ይዞት መጣ።

«ክቡርነትዎ፣ ገጽ ዘጠና ላይ ያሉት ከልብዎ ነው ወይስ ለገበያ?»

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛው «ሰርዢው» ያለው ያኔ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ አበድክ?» አለች ቨርኒስ። «ማፈር ካማረህ ነገ እፈር። ዛሬ ሥራ አለብን።»

«አፌን በከፈትኩ ቁጥር ‹በምን እንደገባ እናውቃለን› የሚል ዓይን ያየኛል። አንቺ አይገባሽም።»

«አይገባኝም? እኔን ሴት ሹፌር ብለው የቀጠሩኝ ፍርድ ቤት አዝዟቸው አይደል? የመጀመሪያ ቀን ወንዶቹ ወንበሬን ግሪስ ቀቡት። ሱሪዬን ቀይሬ ነዳሁ። አውቶብሱ በማን ትእዛዝ እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። በየፌርማታው ቆሜ ሳፍር ብውል ሰዉ ሥራ የሚደርሰው መቼ ነበር?»

«የእኔ ይለያል።»

«ይለያል እንጂ! እኔ መንዳት እችላለሁ። አንተ ግን ቦውሊንግ አትችልም!»

ክሊዮፈስ ራሱ ሳቁ አላስቆም አለው። ቢሆንም ማካካሻውን መተው የተጫዋቹ መብት ነው። ቨርኒስ የማሽኑን ቁልፍ እንደ ዝንብ መትታ ሰረዘችው።

የዳኛው የመጀመሪያ ኳስ እንጨቶቹ ጋ ሳይደርስ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውም ተከተለው። በሦስተኛው ከተደረደሩት አሥር እንጨቶች አንዱ ወደቀ፤ እሱም ጥቂት ካሰበበት በኋላ። በአሥራ አንድ ነጥብ ተሸነፍን።

«በክብር ተሸነፍን» አለ ዳኛው።

ወትሮ በመኪናዋ ቤቱ የምታደርሰው ቨርኒስ ነበረች። ቁልፏን አነሳች።

«እንግዲያው ክብርህ ያድርስህ።»

በሚቀጥለው ዓመት ወደ ክሊዮፈስ ቡድን ተዛውራ ዋንጫውን ወሰደች።