የእንግዳው ውስጥ እግር

ልጄ ዝናብ የመታውን የቆዳ ጫማ በር ላይ ሲያወልቅ፣ ሽታው ቢቸና ወሰደኝ፤ በንጉሡ ዘመን ወደነበረው ቤታችን።

አንድ እንግሊዛዊ ሊያድር መጣ። የዓባይን በረሃ በእግሩ አቋርጦ እንደመጣ፣ ሥራውም የጀብዱ ልብ ወለድ መጻፍ እንደሆነ የሚተረጉምለት አስተማሪ ነገረን።

"ልብ ወለድ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ የቅኔ መምህሩ አባቴ።

"ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ መጻፍ ነው፣ የኔታ።"

"በዚህ ነው እንጀራ የሚበላው?"

ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ከሰውዬው ላይ አልነቀሉም። የዓባይን ድልድይ ማን እንደሚጠብቅ፣ ወደ ሞጣ አቋራጭ እንዳለ ሲጠይቅማ ጭራሽ ፊታቸው ጠቆረ። እግሩን ላጥበው ሙቅ ውሃ ይዤ ስነሳ ጠጋ ብለው፣ "ውስጥ እግሩን ደህና አድርገሽ እይው። በእግሩ መጥቶ ከሆነ ያስታውቃል" አሉኝ።

ጫማውን ሲያወልቅ የእርጥብ ቆዳ ሽታ ቤቱን ሞላው። ውስጥ እግሩን በመዳፌ አሸሁት። ስንጥቅ የለው፣ ቁስል የለው፤ እንደ ሕፃን ተረከዝ ይለሰልሳል። ለአባቴ ነገርኳቸው።

"ሰላይ ይሁን አይሁን እንጃ፤ የመጣው ግን በበቅሎ ነው" አሉ። በማግስቱ ስለጠየቀው መንገድ አንዲት ነገር ሳይተነፍሱ ሸኙት።

አምና ልጄ የሰውዬውን መጽሐፍ ፈልጎ አገኘና እየተረጎመ አነበበልኝ። ጀግናው የዓባይን ገደል በባዶ እግሩ ወጥቶ ቢቸና ሲደርስ፣ እግሩን የምታጥበው ልጅ ቁስሉን አይታ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

"አያሳዝንም፣ እማዬ?" አለኝ።

"ያጠብኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "እግሩ ደህና ነበር።"