የማይተነፍስ አፍ አይገጠምም

የማርሚታ በያጁን አንድ ተራ ቀን ምን ምን ያስከፍለዋል? ዐሥራ አምስት ኤሌክትሮድ፣ ግማሽ የሴጌቶ ምላጭ፣ ሸሚዙ እጅጌ ላይ ሦስት አራት የብልጭታ ቀዳዳ። አራት ብርጭቆ ሻይ፤ ከአራቱ አንዱ እሱ መኪና ሥር ተኝቶ ሳለ ቀዝቅዞ የሚደፋ ነው። ከዚያ ደግሞ ጉልበቱ አለ፤ በቀን ዐሥር ጊዜ መሬት ወርዶ ዐሥር ጊዜ ሲነሣ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ጀርባውን ባለቤቱ በሞቀ ፎጣ ታሽለታለች፤ ስለዚህ ከቀኑ ወጪ ጥቂቱ የሚወጣው ከእሷ ጉልበት ነው። እጥበቱንም አንርሳ። የጭስ ጥላሸት በአንድ ውሃ አይለቅም፤ ያጠበ ያውቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ወጪ ግን «አይሆንም» የምትለዋ ቃል ናት።

ሰፈሩ «ዝም አሰኚው» ይለዋል። ጭስ ማውጫው ተበስቶ እያጓራ የመጣ መኪና ከእሱ ዘንድ አፉን ይዞ ስለሚወጣ ነው። ራሱ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ ባለቤቱ እንደምትለው ከሆነ በመንገዱ ላይ ማርሚታ ያልተገጠመለት እሱ ብቻ ነው። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለት ክፍል ተከራይተው በአንዱ እሷ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች፣ በሌላው እሱ ብረት ይበይዳል፤ በመካከላቸው ያለው በር ተዘግቶ አያውቅም።

«አይሆንም» የሚላቸው ጎረምሶቹን ነው። አራት ሲሊንደር ያላት ትንሽ መኪና ጭሷ የሚወጣው በአንድ ቱቦ ነው፤ ሁለተኛ አያስፈልጋትም። ጎረምሶቹ ግን ትልልቆቹን መኪናዎች ከኋላ ያዩና ግራና ቀኝ የሚያብረቀርቅ ሁለት አፍ ያምራቸዋል። አንደኛው አፍ እውነተኛው ይሆናል፤ ሁለተኛው ከውስጥ ከምንም ያልተያያዘ ባዶ ቆርቆሮ። ይህን በሩብ ሰዓት የሚገጥም ሰው ከመንገዱ ማዶ አለ፤ የመኪና ወንበር ልብስና ተለጣፊ ጽሑፍ የሚሸጠው ጌጠኛው። ዝም አሰኚው ግን በሩ ላይ ላሜራ ሰቅሎ በቀለም ጽፎበታል፦ «የማይተነፍስ አፍ አይገጠምም።»

ምክንያት አለው። ከዓመታት በፊት እሱም ለአንድ ሾፌር እንዲህ ያለ ባዶ አፍ ገጥሞ ነበር። ሾፌሩ መኪናዋን «ሞተሯ ትልቅ ነው፣ ኋላዋን እዩት» ብሎ ሸጣት። ከወር በኋላ የገዛት ሰው መጣ። ቆጥቦ ቆጥቦ የገዛ ሰው እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል። አልተቆጣም፣ አልተሳደበም፤ ጣቱን ወደ ግራው አፍ እያመለከተ እዚያ ውስጥ ተርብ ቤት መሥራቱን ብቻ ተናገረ።  «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ በማይተነፍስ አፍ ግን ተርብ ይገባል» እያለ ዝም አሰኚው ዛሬ ይቀልድበታል፤ ላሜራውን የሰቀለው ግን በዚያው ሳምንት ነበር።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት ነጭ ትንሽ መኪና በኋላዋ ቀጥ ብላ ገባች፤ ግራ ቀኝ እኩል ክፍተት ትታ፣ በማስመሪያ እንደተለካ። እንዲህ የምታቆም ሴት አንድ ብቻ ናት። ዝም አሰኚው ጓንቲውን አውልቆ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ሒሳብ ያስተማረችው ቲቸር ናት፤ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች።

«እንዴት ነህ የኋላ ወንበር?» አለችው። ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ከኋላ ነበርና እስከ ዛሬ የምትጠራው እንደዚያ ነው። «ከኋላ ወንበር ተነሥተህ መኪና ኋላ ገባህ፤ አልራቅህም።»

ምን ሆና እንደመጣች ጠየቀ፤ መኪናዋ አልጮኸችም እኮ።

«ምንም አልሆነች። ሁለት ማርሚታ እንድትሠራላት ነው።»

ሣቀ። እሷ አልሣቀችም፤ ሣቁን ዋጠው። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሚያስፈልገውን ብቻ ስትገዛ ኖራለች። ጫማ ስትገዛ የምታየው ሶሉን ነው፤ መጋረጃ ስትገዛ ጥላሸት የማያሳየውን። መኪናዋን ደግሞ ግቢ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ስለምታቆማት፣ ሳህን ስታጥብ ከኩሽናው መስኮት የምታየው ኋላዋን ነው። ባለፈው ሳምንት የትራፊክ መብራት ላይ ቆማ ሳለ ከፊቷ የነበረችው መኪና ሁለት አፍ ነበራት፤ እንደ ሁለት ጉንጭ። አየችው፣ ወደደችው፣ ቤቷ ገብታም አልተዋትም።

«አንድ የማያስፈልገኝ ነገር አማረኝ» አለች። «በዚህ ዕድሜ ይፈቀዳል መሰለኝ።»

የዝም አሰኚው ዓይን ወደ ላሜራው ሄደ። እሷም ተከትላ አነበበችው፤ ደብተር እንደምታርም ሁሉ ከዳር እስከ ዳር። ከዚያ ፊደሉ አንድም ስሕተት እንደሌለበት ነገረችውና፣ እኔም የማይተነፍስ አልጠየቅሁህም፣ የሚተነፍስ ሥራልኝ አለች። እሺ አለ። ጌጠኛው ከማዶ ወንበሩን ወደ ፊት ሲስብ ታየ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዝም አሰኚው ነገሩን ለባለቤቱ አወራት። ለጎረምሶቹ ሁሉ አይሆንም ብሎ ለአስተማሪው ሲሠራ ሰው ምን ይላል? ባለቤቱ መርፌዋን ሳታቆም፣ ያቺ ሴት የለመነችህ ሁለት ቱቦ እንጂ ኩላሊትህን አይደለም አለችው። ደግሞስ እሷ ራሷ ስንት ቀሚስ ላይ የማይከፈት ኪስ ለጌጥ ሰፍታለች፤ ውሸታም ናት ማለት ነው?

«ሰው እጁን ሊከት ሲል ኪሱን ቢያጣው ምን ይልሻል?»

«ይሥቃል» አለች፤ «ከዚያ መሐረቡን ቦርሳው ውስጥ ይከታል።»

 ሄዶ ክሪኩን ከቲቸር መኪና ሥር አስገባ።

ሁለት ቀን ሠራ። ዋናውን ቱቦ እንዳለ ትቶ ከጎኑ ቀዳዳ ከፈተና ሁለተኛውን ወደ ግራ አወጣው። ሁለቱንም አፎች አንድ ከፍታ ላይ አሰራቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተጋቸው፣ ጨርቅ ይዞ ፊቱ እስኪታይበት አሻቸው። ሞተሩን አስነሥቶ በግራው አፍ ላይ እጁን ቢያደርግ ሞቀው። ተነፈሰች አለ፤ ደስ ብሎት ያን ቀን ሻዩን አራቱንም በትኩሱ ጠጣ።

ሐሙስ ጠዋት ብርድ ነበር። ቲቸር መጥታ መጀመሪያ ያደረገችው ከመኪናዋ ኋላ ጥቂት ርምጃ ርቃ፣ ኩሽናዋ ውስጥ እንደቆመች ሁሉ እጇን አጣጥፋ ማየት ነው። ፊቷ ላይ ያ ሁሉ የደብተር ዓመት የቀለለ መሰለ። ገብታ አስነሣች።

ዝም አሰኚው ያየው ያን ጊዜ ነው። ከቀኙ አፍ ነጭ ጉም ቦለል ቦለል እያለ ወጣ። ከግራው ምንም። ጭስ ቀጥ ያለ ቱቦ እያለለት በጎን ቀዳዳ ምን ያስዞረዋል? እጁን ያሞቀው ትንፋሽ አልነበረም፤ ከቀኙ ወደ ግራው በብረቱ የተላለፈ ግለት ነው። በሁለት ቀን ድካም የሠራው፣ ጌጠኛው በሩብ ሰዓት የሚሠራውን ነው።

እሷ አላየችም፤ ፊቷ ወደ መንገዱ ነው። ማርሹን አስገብታለች። ሁለት ሰከንድ ዝም ቢል ትሄድ ነበር፤ ከኩሽና መስኮት የምታያት ደግሞ ሞተሯ ጠፍቶ ነው፤ ጉም አታወጣም። ማንም አያውቅም። ከማዶ ያለው ብቻ አይቷል፤ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ በፈገግታ፣ «ጋሼ፣ እንኳን ወደ ሙያው በደህና መጡ» አለ።

ዝም አሰኚው የመኪናዋን ኋላ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ።

«ቲቸር፣ ያጥፏት። ግራው ውሸቱን ነው።»

ወርዳ ሰማችው። ከዚያ ትከሻውን ነካ አድርጋ፣ እኔ የማየው አፏን እንጂ ትንፋሿን አይደለም፣ አምራልኛለች፣ ተወው አለች። እውነቷን ነበር፤ ልታጽናናው አልነበረም።

«እርስዎ ባያዩት እኔ አየሁት እኮ» አላት።

አየችው። ስምንተኛ ክፍል ሳለ ከጎረቤቱ የገለበጠውን ልክ መልስ በቀይ ሰርዛ «አሠራሩ የታለ?» ብላ የጻፈችበት ልጅ ይህ ነው። ሞተሩን አጠፋች። ከቦርሳዋ ባለ ካሬ ወረቀት ደብተር አወጣች፤ እስከ ዛሬ ይዛ ትዞራለች። በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠችና፣ «በል አሠራሩን አሳየኝ» አለችው።

ጠመኔ አንሥቶ የብረት ጠረጴዛው ላይ ሣለላት። የጎኑን ቀዳዳ ይደፍናል። ዋናውን ቱቦ ራሱን ቆርጦ ከመሃል እንደ ሹካ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ጭሱ የሚያዳላበት ቀጥ ያለ መንገድ እንዳያገኝ፣ ሁለቱም እኩል ታጥፈው እኩል ይረዝማሉ። እዚህ ድረስ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ፣ ዋናው ቱቦ ወርዱ አምስት ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ሁለቱን ሁለት ተኩል ሁለት ተኩል አደርጋቸዋለሁ አለ።

ከመነጽሯ በላይ አየችው። «ያኔም እንዲሁ ነበር ያልከኝ።»

ባለቤቱ ከወዲያኛው ክፍል ሣቀች። ቲቸር በካሬ ወረቀቱ ላይ አንድ ትልቅ ክብ፣ ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ክቦች ሣለችና ካሬዎቹን አብረው ቆጠሩ። ወርዱ ግማሽ የሆነ ክብ የሚይዘው የትልቁን ግማሽ አይደለም፤ ሩቡን ነው። ሁለት ሩብ ቢደመር ግማሽ፤ ጭሱ መውጫ ያጣል፣ መኪናዋም ዳገት ላይ ትታነቃለች። ወረቀቱ ላይ ደጋግማ ሞከረችና ሦስት ተኩል ላይ አረፈች። ሁለት ሦስት ተኩል አምስቱን ያህላል።

ዝም አሰኚው ካሬዎቹን ለብቻው እንደገና ቆጠራቸው። ያን ጊዜ ለምን እንዲህ ሣል አድርገው አላስተማሩንም ብሎ ጠየቃት። አስተምሬ ነበር፣ የኋላ ወንበር መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር አለችው።

ከአሮጌ ብረቱ ክምር ሥር ከውስጥ ሲለካ ሦስት ተኩል የሆነ ቱቦ ፈልጎ አወጣ። ቀኑን ሙሉ ሲቆርጥ ሲበይድ ቲቸር ወደ ቤቷ አልሄደችም። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ገብታ ተቀመጠች፤ ሁለቱ ሴቶች ስለ እሱ ምን ምን እንዳወሩ አልሰማም፤ እሱ ዘንድ የሚደርሰው ሣቃቸው ብቻ ነበር። ቲቸር አንዱን ቀሚስ ለልክ ለብሳ የማይከፈተውን ኪስ በጣቷ ፈልጋ ስታጣው ሣቀችና መሐረቧን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልብስ ሰፊዋ በበሩ በኩል ባሏን ቀና ብላ አየችው፤ አላልኩህም የሚል እይታ ነው።

ከሰዓት በኋላ አየሩ ሞቆ ስለነበር ጉም አይታይም። ባለቤቱ ከቲቸር ደብተር ሁለት እኩል ቁራጭ ወረቀት በመቀስ ቆረጠች። እሱ አንዱን በቀኙ፣ ቲቸር አንዱን በግራው አፍ ፊት ያዙ፣ ልብስ ሰፊዋ ገብታ ሞተሩን አስነሣች። ሁለቱ ወረቀቶች እኩል ተርገበገቡ። ቦታ ተለዋወጡ፤ አሁንም እኩል። ጌጠኛው መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ሁለቱም አፍ ላይ መዳፉን አደረገ። «አሃ» አለ ብቻ፣ ሄደ።

ቲቸር የያዘችውን ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ በእስክሪብቶ «9/10» ጻፈችበት።

«አንዱ የት ሄደ?» አለ ዝም አሰኚው።

የቀኙ መጋጠሚያ ላይ ብየዳው ትንሽ ተዝረክርኳል አለችው። ጎንበስ ብሎ አየ፤ ተዝረክርኳል። ወረቀቱን ከላሜራው ጎን በምስማር ሰቀለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብላ ባለቤቱ ብትተርትበትም፣ አቧራውን በየሳምንቱ የምታራግፈው እሷ ናት። ቲቸር የለካችው ያ ቀሚስ ግን ኪሱ እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

ጎረምሶቹ ሲመጡ አሁን «አይሆንም» አይላቸውም። ጠመኔ ይሰጣቸዋል፤ ክቡን ይሥሉና ካሬ ይቆጥራሉ። ግማሾቹ ተሰላችተው ወደ ማዶ ይሻገራሉ። የቀሩት ግን የሚተነፍስ ይዘው ይሄዳሉ፤ ከእነዚህ አንዱ ወርዱ ግማሽ ሲሆን ሩብ እንደሚቀር ለጌጠኛው ሲያስረዳው ተሰምቷል።

የቀን ወጪው እንግዲህ ከላይ እንደተናገርኩት ነው፤ አንድ ጠመኔ ይጨመርበት፣ «አይሆንም» ይቀነስለት።

ዝም አሰኚው ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ልመና አለው፤ ሳልረሳ ላድርስለት። በብርድ ጠዋት፣ መብራት ላይ፣ ከአንዲት ነጭ ትንሽ መኪና ኋላ የቆማችሁ እንደሆነ፣ ሁለት ጠበብ ያሉ አፎች ታያላችሁ። ቀስ ብላ ስለምትነሣ ጥሩምባ አትንፉባት። ይልቅ ጉሙን እዩ፤ ከግራም ከቀኝም እኩል እየወጣ ከሆነ በሰላም እለፉ። አንደኛው ብቻ ከሆነ ግን ለእሷ አትንገሯት፤ መጥታችሁ ለእሱ ንገሩት።