ስድስት መቶ ገጽ

የአውቶቡስ ሹፌሩ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ብቅ እያለ፣ «እህቴ፣ ሦስተኛው አልወጣም? ልጄ ነዝንዛ ገደለችኝ!» ሲል መጽሐፍ ሻጯን ያስቃት ነበር። ዘንዶ ልትገድል ስለወጣችው ልጅ የሚተርኩትን ሁለቱን ቅጾች የሸጠችለት እሷው ናት።

ዛሬ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ቅጽ ስትሰጠው ግን አልሳቀም። የደንብ ልብሱ ሰፍቶታል፤ ደረቱ ላይ የሆስፒታል አስታማሚ ካርድ ተንጠልጥሏል። መጽሐፉን በመዳፉ መዘነው።

«ስድስት መቶ ገጽ! ይሄ ደራሲ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሚለፈልፈው?»

«ምናለበት ጋሼ፣ ቶሎ አያልቅባትም።»

«እኔ ነኝ የማነብላት። አስር ገጽ ሳንደርስ ይደክማታል።»

በጣቶቹ ቀን መቁጠር ጀመረና ተወው። ከዚያ መጽሐፉን ከኋላ ገልጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

«ከመጨረሻው ምዕራፍ ብጀምርላት፣ ይታወቃት ይሆን?»