ችካል ያልተመታበት ድንኳን

እህቴ በራሷ ስም በተቋራጭነት የያዘችው የመጀመሪያ ሥራ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ ያለች አጭር መንገድ ነበረች። ውሉ የመጨረሻውን ክፍያ ከጥራት ጋር ያያያዘ ነው። አስፋልቱ ተነጥፎ ሲያልቅ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ውፍረቱን ይለካሉ፣ ገጹን ያያሉ፣ ጉድለት ባገኙበት ልክ ይቀንሳሉ። እንዲህ ስላለው ውል በጋዜጣ ብዙ ጊዜ ጽፌአለሁ፤ ደግፌም። ያን ሰሞን ግን ማታ ማታ እየደወልኩ፣ በልተሻል ወይ፣ እላት ነበር።

ልኬታው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መንገዱ ዳር መጋዘን የነበራቸው አዛውንት የእህል ነጋዴ ዐረፉ። ቅዳሜ ጠዋት ከእህቴ ጋር ስንደርስ የእድሩ ሰዎች የለቅሶውን ድንኳን ከመኪና አውርደው፣ የብረት ችካሉን አዲሱ አስፋልት ላይ ደርድረው መዶሻ ይጠብቃሉ። ሰፈሩ የኖረው እንዲህ ነው፤ ሌላ ባዶ ቦታ ስለሌለ ድንኳን የሚተከለው መንገድ ላይ ነው።

እህቴ ሄልሜቷን ለእኔ ሰጥታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ መጀመሪያ ለቅሶ ልትደርስ ወደ ሟች ቤት ገባች። ስትወጣ የእድሩን ዳኛ ጥቂት እንዲታገሷት ለመነች። እሳቸው ተቆጡ።

"ታዲያ የት ይሁንልሽ? ሰማይ ላይ ልስቀለው?"

ድንኳኑን ሊያግዙ የመጡት የመጋዘኑ ተሸካሚዎች ሳቃቸውን ዋጡ። ጭቅጭቁን የሰሙት የሟች ባለቤት በሁለት ሴቶች ተደግፈው ብቅ አሉና ችካሉ ቢመታ ምን እንደሚሆን ጠየቋት።

"በቀዳዳው ውኃ ይገባል፣ እትዬ። ከሥር ያበላሸዋል" አለች። "ከክፍያዬም ይቆርጡብኛል፤ አልደብቅዎትም። ግን ይተከል ካሉ ይተከላል።"

እትዬ አስፋልቱን አዩት። ባላቸው ክረምት በገባ ቁጥር ተሸካሚ እንዳያዳልጠው ጭቃው ላይ ሳንቃ ያነጥፉ እንደነበር ነገሩን።

"መጋዘኑን ክፈቱ" አሉ ቀጥለው። "ገመዱን ከጆንያ ጋር እሰሩት።"

ተሸካሚዎቹ ጤፉን ከነጆንያው እያወጡ ዙሪያውን ደረደሩ፤ ድንኳኑም በእህል ተይዞ ቆመ። የእድሩ ዳኛ ገመዱን ሁሉ እየዞሩ ጎተቱ። የሚነቅፉት ሲያጡ ገብተው ተቀመጡ።

ሰኞ ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ ለቀስተኛው አልተበተነም ነበር። የመብሻ ማሽናቸው ድምፅ ጆሮ ይበጥሳል። እህቴ ለቅሶው እስኪያበቃ ልኬታው እንዲቆይ ጠየቀች፤ ክፍያዋም አብሮ እንደሚዘገይ ታውቃለች። ተስማሙላት።

ድንኳኑ ተነሥቶ ማሽኑ በተመለሰ ጊዜ እትዬ ጥቁራቸውን ለብሰው መጋዘናቸው በር ላይ ቆመዋል። ማሽኑ አስፋልቱን መብሳት ሲጀምር ደነገጡ።

"አንቺ ልጅ፣ ለእኔ የከለከልሽውን ለእነዚህ ፈቀድሽ?"

እህቴ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች። ውፍረቱ የሚታየው እንዲህ እንደሆነ፣ ቀዳዳውንም ወዲያው እንደሚደፍኑት አስረዳቻቸው። ባለሙያው ከጉድጓዱ ያወጣውን ጥቁር ድቡልቡል ናሙና ለካው፣ ደግሞ ለካውና፣ ውፍረቱ ሞልቷል፣ አላት። በሌሎቹም ቦታዎች ያው ሆነ። ገጹ ላይም ጉድለት አላገኙም።

እትዬ ወደ እኔ ጠጋ ብለው እጄን ያዙ።

"ሙሉውን ይከፍሏታል ማለት ነው?"

አዎ፣ አልኳቸው። ተመስገን ብለው እጄን ለቀቁኝ፤ ግን የመጨረሻው ቀዳዳ ተደፍኖ እስኪጠቀጠቅ ድረስ ከበሩ አልራቁም።