ጥቁርና ነጭ መርዶ

ሰውየው እንጀራው የሰው መከራ ነው። እሱ ግን «የሰው ልጅን ጽናት የምዘግብ ፎቶግራፈር ነኝ» ይላል። ከአዲስ አበባ ዶሃ ሲመጣ፣ የአገር ልጅ ነው ብዬ በዓርብ ዕረፍቴ ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ አል ገራፋ አንድ ቪላ ውስጥ ሾፌር ነኝ። አል አስማኽ ሰፈር ያለውን የጓደኞቼን ክፍል ገና ከበሩ ሲያይ «ዋው፣ ብርሃኑ!» አለ። የምን ብርሃን? መስኮቱ በካርቶን የተደፈነ ነው።

እኔ ያለሁበት ቤት ምግብ የምትሠራው እህታችን ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን እዚያው መጣች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቀይ ሊፕስቲክ ተቀብታለች። እናቷ ደም ግፊት አለባቸው፤ «ልጄ ከስታ ይሆናል» እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። የፈለገችው ስቃ፣ አምሮባት የምትታይበት ፎቶ ብቻ ነው። ሰውየው ሊፕስቲኩን አስጠረጋት፤ ነጠላ አከናነባት። «አትሳቂ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ድካምሽን አስቢ» አላት። ወይ ጉድ! ድካም እሱ ያስተምራት! «ለእናትሽ እኔው እልካለሁ» ብሎም የወንድሟን ቁጥር ተቀበለ።

ላከም። ዓይኗን የጨፈነች፣ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ አንድ ቃል እንኳ አልጻፈበትም። አገር ቤት እንዲህ ያለ ፎቶ የሚሰቀለው ለቅሶ ቤት ነው፤ ይቺን እንኳ አያውቅም? መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ወንድሟ ሞታለች ብሎ የተረዳው ለዚያ ነው። ቢደውልላት ዝግ ነው፤ አሠሪያችን ማዳም ከዓርብ በቀር ስልኳን ትቆልፍባታለች። ጎረቤት ሰብስቦ በማግሥቱ ማለዳ እናቱን ሊያረዳ ተነሣ።

ማዳምን ገበያ ላደርስ መኪና ሳስነሳ የልጅቷ ወንድም መልእክት ገባልኝ፤ ቁጥሬን ድሮ ሰጥታዋለች። «ሬሳዋ መቼ ይመጣል?» ይላል። ማዳም ከኋላ «ያላ! ያላ!» ትላለች። ኸላስ፣ በቃ፣ ሹግሉም ሥራውም ገደል ይግባ ብዬ ወደ ኩሽና ሮጥኩ፣ ደውዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፍኩት። መርዶ ነጋሪዎቹ እናትየው ቤት ገብተዋል፤ ጩኸቱ እኔም ድረስ ይሰማል።

«እማዬ፣ አለሁ! አለሁ እኮ!»

«የተቀዳ ድምፅ ነው፤ አታታልሉኝ!» እያሉ እናትየው ደረታቸውን ይደቃሉ። ቪዲዮ ከፈትኩ። ልጅቷ የሳሙና እጇን እያውለበለበች፣ እንባዋ እየወረደ፣ እንደምንም ሳቀችላቸው። ያን ጊዜ ደረታቸውን መድቃት ተዉ።

ማታ ለሰውየው ደውዬ የስድብ መዓት አወረድኩበት። ጨርሶ አዳመጠኝና፣ በለዘበ ድምፅ፣ «እናትየው ሲያለቅሱ ፎቶ ያነሣቸው ሰው ይኖር ይሆን?» አለኝ።