የድንጋይ ካባውን ሰነድ ፍለጋ

ከጎጃም ተመድቤ ሰቆጣ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው ለሁለተኛ ዲግሪ የተመዘገብኩት። ለመመረቂያ ጥናቴ የመረጥኩት ሰቆጣ ዙሪያ ያለ አንድ የድንጋይ ካባ ነበር፤ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የሚፈለጥበት። ከመፈቀዱ በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ተሠርቶለታል። ያን ሰነድ ማንበብ ነበረብኝ፤ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

ከዩኒቨርሲቲዬ የተጻፈልኝን የትብብር ደብዳቤ ይዤ ሰቆጣ ወዳለው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው አየት አድርጎ መለሰልኝ።

«እሱ ለውስጥ ሥራ ነው፤ ለግለሰብ አንሰጥም።»

«የግምገማ አዋጁ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል እኮ።»

«አዋጅ ልታስተምሪን ነው የመጣሽው?»

«አይ፣ ሰነዱን ላነብ ነው።»

ነገ ነይ አለኝ። በነጋታው ስብሰባ ገብቷል ተባልኩ። ከዚያ ክልል ጠይቂ አሉኝ፤ ክልል ስደውል ደግሞ ሰነዱ እናንተው ጋ ነው ተባልኩ። እልህ ያዘኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ይዤ የቢሮው በር ላይ እየተቀመጥኩ ማረም ጀመርኩ። ባለጉዳዩ ሁሉ ምን ሆነሽ ነው ይለኛል፤ እኔም ድምፄን ሳልቀንስ እነግረዋለሁ። እንዲህ ከርሜ አንድ ቀን ኃላፊው ራሱ ሰነዱን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠው።

«እዚሁ አንብቢ። ፎቶ ማንሳት አይቻልም።»

ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ ነው። ነዋሪው ተማክሮ ተስማምቷል የሚል ክፍል አለው። ከካባው ሥር ሰው ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ ግን አያነሳም። እዚያው ቁጭ ብዬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ በእጄ ጻፍኩት። መጻፍ አይቻልም ያለኝ የለም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ካባው አጠገብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የደብሩን የአብነት መምህር ጠጋ ብዬ፣ «የኔታ፣ ስለ ካባው የተጻፈውን ላንብብ፤ እርስዎ ባገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና ያስተርጉሙልኝ?» አልኳቸው።

«ስለኛ ነው የተጻፈው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አንብቢ፣ ልጄ።»

ሕዝቡ በግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ተማክሮ ተስማምቷል የሚለው ላይ ስደርስ አንዲት እናት ተነሱ። «ማንን ነው ያማከሩት?» አሉ በአማርኛ።

«አልተጻፈም።»

የኔታ፣ «እሱን ደግመሽ አንብቢው» አሉኝ። ደገምኩት። ምንጫቸው ሰነዱ ላይ እንደሌለም ነገርኳቸው።

ሰኞ ኃላፊው አስጠራኝ።

«ጥናት ብለሽ ገብተሽ ሕዝብ ታነሳሻለሽ?»

«የራሳቸውን ጉዳይ ነው ያነበብኩላቸው።»

«ሰነዱን እንድታነቢ የሰጠንሽን ፈቃድ እንሰርዛለን።»

«ሰርዙት። አንብቤ ጨርሻለሁ።»

ዞሬ ሳላየው ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን የኔታና የደብሩ ሰዎች ተሰብስበው ቢሮው መጡ። ስለ ካባው እንደ አዲስ አማክሩን አሉ። ዛሬ አይመችም ቢባሉም አልሄዱም። በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ወርዶ ሰማቸው፤ ቁፋሮውም ከምንጩ እንዲርቅ ተወሰነ። አቧራው እስካሁን አለ፤ እሱን አላሸነፍነውም።

ጥናቴን ሳስረክብ አማካሪዬ የአማርኛውን ትርጉም ከአባሪው አውጪው አለኝ።

«ጥናቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ነጥብ ያስቀንስብሻል» አለ።

«ይቀነስ» አልኩት።

ተቀነሰብኝ። ትርጉሙ ግን አሁንም ከጥናቱ ጋር ነው፤ አንድ ቅጂም የኔታ ጋ አለ። የጠየቃቸውን ሁሉ ቁጭ አድርገው ያነቡለታል።